እናትየዋ ልጆቿን ጥላ አልሄደችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? እኔ የደሴ ነዋሪ ነኝ። ጋዜጣችሁን ሁሌ አላነብም፣ ባለቤቴ ፒያሳ ወጣ ሲል ይዞልኝ ከመጣ ነው። ሰሞኑን አንድ አንባቢ የጻፉት ደብዳቤ ግን አናደደኝና ይኸው ብዕር አነሳሁ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው፤ ውጭ አገር የተሰደዱ እናቶች ልጆቻቸውን ለአያትና ለአክስት ጥለው ይሄዳሉ፣ ከዛ ዶላር እየላኩ እናት ነን ይላሉ፣ ልጅ ደግሞ በዶላር አያድግም።

በዶላር አለማደጉ እውነት ነው። አሳድጌያለሁና አውቀዋለሁ። የእህቴን ሁለት ልጆች አስር ዓመት ያህል እኔ ጋ አኑሬያለሁ፣ እሳቸው "ልጅ የተጣለባት አክስት" የሚሏት ማለት እኔ ነኝ። እህቴ ልጆቿን አልጣለችም። ለያይቶ ያቆያቸው ወረቀት ነው። ከተገናኙ በኋላ ደግሞ ቤታቸው እንዳይቆም የሚያውከው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እዚህ ያለነው ዘመዶች ነን።

ከወረቀቱ ልጀምር።

እህቴ በ2006 በመተማ አድርጋ ሱዳን ገባች። ለምን እንደወጣች የሷ ጉዳይ ነው፣ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ባሏ ሞቶ ነበር። ትልቋ ሰባት ዓመቷ፣ ትንሹ ሶስት። ሁለት ህጻን ይዞ በዛ በረሃ መሄድ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አላስረዳም። በባቲ፣ በአፋር አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዛ የመን ሲል መንገድ ላይ የቀረ ልጅ የሌለበት ሰፈር የለንም። ስለዚህ እኔ ጋ አኖረቻቸው። ካርቱም ስደተኛ ተብላ ተመዘገበች፣ ሰው ቤት ሰራች፣ መንገድ ዳር ሻይ ሸጠች። (ቤት ያከራየቻት ሱዳናዊት የሚያዝያ 2015ቱ ጦርነት ሲነሳ ልጆቿን ይዛ በመተማ በኩል እኛ አገር ገባች። አሁን በተራዋ እሷ ስደተኛ ናት። እህቴ ይህን ስትሰማ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች።)

ካናዳ ውስጥ ሰዎች ተሰባስበው ስደተኛ በስፖንሰር የሚያስመጡበት አሰራር አለ። በነሱ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነው፣ ያኔ የቬትናም ሰዎች በጀልባ ሲሰደዱ ነው በደንብ የታወቀው። የቤተክርስቲያን ማህበርም ይሁን የሰፈር ሰዎች፣ አንድ ቤተሰብ ያስመጡና በአብዛኛው ለአንድ ዓመት ኪራዩን፣ ቀለቡን፣ የቤት እቃውን ይሸከማሉ። እህቴን ያስመጧት ኤድመንተን የሚባል ከተማ ያሉ የቤተክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ሙስሊም መሆኗን እያወቁ። አባታችን ይህን ሲሰሙ "ወሎዬ ናቸው እንዴ?" ብለው ሳቁ።

እዚህ ላይ ለመውጣት የምታስቡ ሰዎች ስሙኝ። ካርቱም ፎርሙን ስትሞላ አንድ ደላላ "ልጅ የለኝም በይ፣ ቶሎ ያልቅልሻል" ብሏት ነበር። እንዲህ እየተባለ ልጁን የደበቀ ሰው ብዙ ነው። እህቴ እምቢ ብላ የሁለቱንም ስም ከነልደታቸው አስጻፈች። ያዳናት ይሄ ነው። በካናዳ ህግ እንደሷ ተመርጦ የገባ ስደተኛ፣ መጀመሪያ ማመልከቻው ላይ የጠቀሳቸው ልጆቹና የትዳር ጓደኛው እንዲመጡለት በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት ይችላል። አንድ ዓመት ብቻ። ያልተጠቀሰ ልጅ ግን በኋላ "ልጄ ነው፣ በቤተሰብ ላምጣው" ሲባል በሩ ሊዘጋ ይችላል። ደላላው ይህን አይነግራችሁም። እሱ ኮሚሽኑን በልቶ ሌላ ሰው ጋ ሄዷል።

እህቴ ጥቅምት 2012 ካናዳ ገባች። ሻንጣዋን ሳትፈታ ነው ስለ ልጆቹ የጠየቀችው። ዓመቱ ሳይሞላ ማመልከቻው ገባ። እኛም እዚህ አጨበጨብን፣ እናታችን ሰደቃ አወጡ፣ ልጆቹ ለጓደኞቻቸው ሁሉ ልንሄድ ነው አሉ። እነ ካናዳ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ አሉ።

የልደት ምስክር ወረቀት ከየት ይመጣል? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ የወጣው በ2004 ነው፣ ስራው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ። የኛ ልጆች ከዛ በፊት የተወለዱ ናቸው። ትልቋ የተወለደችው ጥር 12 ቀን 1999 ነው። ቀኑ አይረሳንም፣ የጥምቀት ማግስት ነበር፣ ጎረቤቶቻችን ሚካኤልን ሸኝተው ሲመለሱ እኛ ቤት እልልታ ሰምተው ነጠላቸውን እንደለበሱ ነው የገቡት። እነሱን ምስክር አድርገን አስመዘገብን። የአባታቸው ሞትም እንዲሁ፣ ያኔ መዝገብ ስላልነበረ ፍርድ ቤት ምስክር ቆሞ ነው የተረጋገጠው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም፣ አገራችን ነው፣ ለምደነዋል። "ሲስተም የለም" ሲሉን በርጩማ ላይ ቁጭ ብለን ሲስተሙን እንጠብቃለን።

ችግሩ የመጣው ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱ በአንድ በኩል አማርኛ ነው፣ በሌላ በኩል እንግሊዝኛ። ጸሐፊዋ ልጅ በአማርኛው 1999 ብላ ጻፈች። ትክክል። ከዛ በእንግሊዝኛውም 1999 ብላ ደገመችው። አለቀ። በፈረንጅ አቆጣጠር 2007 የተወለደች ልጅ ባንድ ጊዜ ስምንት ዓመት አረጀች። (የትኛው ቀበሌ እንደሆነ አልናገርም፣ ጸሐፊዋም የሰው ልጅ ናት፣ ከፊቷ የነበረውን ሰልፍ አይቻለሁ።)

እናትየዋ ፎርሙ ላይ 2007 ብላለች፣ የመንግስት ማህተም ያረፈበት ወረቀት 1999 ይላል። ካናዳ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ያለው ሰው ስለ ጥምቀት ማግስት ምን ያውቃል? የኛ አቆጣጠር ከነሱ በሰባት ወይ በስምንት ዓመት ወደኋላ መሆኑን ቢያውቅ እንኳ፣ ወረቀቱ የፈረንጅ ነው እያለ እንዴት ይመን? ጥያቄው ተጽፎ ሲመጣ ጊዜው 2013 ነበር። እኛ ቤት ያለችው ልጅ አስራ አራት ዓመቷ ነው፣ ገና ገመድ የምትዘል። በወረቀቱ ስትሄዱ ሃያ ሁለት ሞልቷታል። እዛ ደግሞ ጥገኛ ልጅ የሚባለው ያላገባና ከ22 ዓመት በታች የሆነ ነው። እድሜው የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባበት ጊዜ ስለሆነ በዚህ እንኳ ተርፋለች፤ ግን አንዴ ጥርጣሬ ገባ። ይቺ ልጅ ያቺ ናት? የልጅየው ወረቀት ሲመረመር ደግሞ የአባታቸው ስም፣ መሐመድ፣ አንዱ ላይ መሃሉ በሁለት ኤም ተጽፏል፣ ሌላው ላይ በአንድ ኤም። ከእናታቸው ጋር ደግሞ የአባት ስም አይጋሩም። እኛ አገር ማን ከእናቱ ጋር ይጋራል? እዛ ግን ይሄም ያስጠይቃል።

እናርመው ብለን ሄድን። ማመልከቻ ጻፉ፣ ምስክር አምጡ፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ነገ ኑ። እንዲህ እያልን ጥቅምት 2014 ደረሰና ጦርነቱ ደሴ ገባ። ያኔ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ልጆቹን ይዘን በሌሊት ወጣን፣ ከኮምቦልቻ በኋላ መንገዱ ሰው ብቻ ነበር። ስልክ ጠፋ። እህቴ ህዳር መጨረሻ ላይ ከተማው እስኪለቀቅ ድረስ ልጆቿ ይኑሩ ይሙቱ አታውቅም ነበር። ሌሊት ሆስፒታል ታጸዳለች፣ ቀን ቁጭ ብላ የኛን ቁጥር ትደውላለች፣ አይነሳም። "ጥላቸው ሄዳ" የሚሉት ሰውዬ ያን ወር ቢያዩት ጥሩ ነበር። ስንመለስ ቢሮው ወንበር እንኳ አልቀረውም። እንደገና ከሀ ጀመርን።

በመጨረሻ የፈታው ዲኤንኤ ነው። ወረቀት ሲያጠራጥር አማራጩ እሱ ነው። ሀኪሙ ልጆቹን አፍ አስከፍቶ ጉንጫቸውን ከውስጥ በጥጥ ነገር ጠረገና ፖስታ ውስጥ አሸገው፣ ይሄው ነው። ትንሹ "ለዚህ ነው ቁርስ የከለከልሽኝ?" አለኝ። ወጪው የእናትየው ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ምን ተባለ መሰላችሁ? "የሷ ባይሆኑ ነው እንጂ ምን ምርመራ አስፈለገ።" እናታቸው ስታጠባቸው ያየ ጎረቤት ነው ይህን ያለው። ልጅቷ ከሱቅ ስትመለስ ሰምታ መጣች። "እውነት ነው?" አለችኝ። በዛች ሰዓት ያናደደኝን ያህል ያ ሁሉ የቢሮ ምልልስ አላናደደኝም።

ውጤቱ መጣ፣ የጤና ምርመራውን አዲስ አበባ ጨረስን፣ ጥር 2016 ሄዱ። እሷ አስራ ሰባት ሞልቷታል፣ እሱ አስራ ሶስት።

እንግዲህ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ታሪኩ ያበቃ ይመስለዋል። ቦሌ ተላቀስን፣ እዛ አበባ ይዛ ጠበቀቻቸው፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ፣ "አልሃምዱሊላህ፣ እንኳን ደስ አላችሁ" ተባለ። ስራው የተጀመረው ከዛ በኋላ ነው።

አስቡት። የሶስት ዓመት ልጅ ትታ የሄደች እናት፣ ከሷ የሚረዝም ጎረምሳ ተቀበለች። ክረምት ስለሆነ ጫማ ገዝታ ኤርፖርት ይዛ መጥታ ነበር፣ የሚሞቅ፣ ውድ። በቪዲዮ ስታየው ፊቱን ነው እንጂ እግሩን አይታ አታውቅም። አልገባውም። ከኤርፖርቱ እስከ መኪናው ከኔ ቤት ባደረገው ሸራ ጫማ ሄደ፣ ኤድመንተን በጥር ከዜሮ በታች 30 የሚወርድበት ቀን አለው። "የጦሳ ተራራ ብርድ ብርድ ነው ትሉ ነበር" ብሎ ደወለልኝ።

ምግብም እንዲሁ። እሷ ቀኑን ሙሉ ሰርታ ስታቀርብ ልጁ ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል። አንድ ማታ፣ እዚህ ማታ ነው፣ እዛ ገና ረፋድ፣ ደወለችልኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋለች። "ሽሮው ላይ ምንድን ነው የምታበዢው?" አለችኝ። በሶብላ ነው። እኔ በሶብላ አበዛለሁ፣ እሱ በዛ ነው ያደገው። ነገርኳት። ዝም አለች። ለገዛ ልጇ ሽሮ እንዴት እንደሚሰራ እህቷን መጠየቅ ለአንዲት እናት ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ያኔ ነው። በማግስቱ የማውቀው ሰው ወደ ካናዳ የሚሄድ አገኘሁና ከበርበሬውና ከድርቆሹ ጋር በሶብላ ቋጥሬ ላክሁ። ወንድማችን ይህን አይቶ "እዛ የሌለ ነገር ያለ ይመስልሻል?" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ስም ደግሞ አለ። ልጁ እኔን እማ ይለኛል። እናቱን ግን መጀመሪያ አካባቢ ምንም ብሎ አይጠራትም ነበር። ወሬ ሲጀምር "ስሚ" ይላል፣ ወይ አጠገቧ መጥቶ ይቆማል። ትልቋ ትዝታ ስላላት እማዬ ትላለች፣ ግን ቂሟም አብሮ አለ፣ "እኛን ትተሽ" የምትለዋ ቃል ከአፏ አትጠፋም። እሷ ናት ደግሞ ቤቱን የምትይዘው፣ እናትየው ሌሊት ስራ ስለሆነች። አንድ ቀን ወንድሟን ስትቆጣ እናት "ተይው" አለች፣ ልጅቷ "አንቺ አታውቂውም" አለቻት። እውነቷን ነው። አታውቀውም። ግን እንዴት አድርጋ ትወቀው?

ትምህርት ቤት እዛ የሚመደቡት በእድሜ ነው፣ እንግሊዝኛ ቻልክ አልቻልክ። ልጁ እዚህ ሂሳብ አንደኛ ነበር፣ እዛ ክፍል ውስጥ ዲዳ ሆኖ ከረመ። የስደተኛ ልጆችን የሚያግዙ ሰራተኞች በየትምህርት ቤቱ አሉ፣ አንዷ በጣም ረድታዋለች። ቋንቋውን ሲይዝ ደግሞ ቶሎ ያዘው። እናቱን ቀደማት። የወላጅ ስብሰባ ላይ መምህሩ ስለሱ የሚለውን የሚያስተረጉመው ራሱ ሆነ። መምህሩ ብዙ አወራ፣ እሱ "ጎበዝ ነው እያለሽ ነው" አላት። እሷም የዋዛ አይደለችም፣ ፊቱን አይታ ሌላ አስተርጓሚ ይምጣልኝ አለች።

እንግዲህ እዚህ ቤት ላይ ነው የኛ እጅ የሚገባው።

አንደኛው ስልክ ነው። ልጁ እናቱ የሆነ ነገር ስትከለክለው ወዲያው ለአያቱ ይደውላል። አያት ምን ታድርግ፣ ታለቅሳለች። "ልጄን ለምን ታስከፊብኛለሽ" ብላ ለእህቴ ትደውላለች። አጎት ይደውላል፣ "ቆንጥጪው፣ ወንድ ልጅ ነው" ይላል። ሌላዋ አክስት "ተይው፣ ያለ እናት ያደገ ነው" ትላለች። ሁሉም በአንድ ቀን። እሷ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ የመጣች ሴት ናት፣ ልጇን ከመያዟ በፊት አራት ዳኛ ስልክ ላይ ተሰይሟል። ስለመቆንጠጡ እንኳ የአጎትየውን ምክር ብትሰማ ኖሮ ልጆቿን እንደገና ለማጣት አንድ ስልክ ነበር የሚቀራት። በነሱ አቆጣጠር በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ወስኗል፣ ወላጅ በቅጣት ስም ከሁለት ዓመት በታች ያለን ህጻንም ሆነ አስራዎቹ ውስጥ የገባን ልጅ መምታት አይችልም። ልጁ ደግሞ ያኔ አስራ ሶስት ነበር። ይህን የነገሯት ስፖንሰር ያደረጓት ሴትዮ ናቸው፣ ቡና እየጠጡ፣ ቀስ ብለው።

እኔ አሁን አንድ ደንብ አውጥቻለሁ። ልጁ ሲደውልልኝ መጀመሪያ "እናትህ የት ናት?" ነው የምለው። እሷ የማታውቀው ነገር ከሆነ አልሰማም። "እማ፣ አንቺ ብትሆኚ ትፈቅጂልኝ ነበር" ይለኛል። ብፈቅድም አልነግረውም። አንጀቴ እየተላወሰ ነው እንዲህ የማደርገው፣ ጡቴን አልጠባም እንጂ ልጄ ነው። ግን ከሁለታችን አንዳችን ወደኋላ ማለት አለብን፣ እሷ ደግሞ አስር ዓመት ሙሉ ወደኋላ ስትል ቆይታለች።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቀየመኛል፣ ይቀየም።

ስፖንሰሩ ዓመቱ ሲሞላ ያበቃል። ከዛ በኋላ ኪራይ የሷ ነው። ልጆቹ የሄዱበት የአውሮፕላን ቲኬት ደግሞ ብዙዎቻችሁ እንደምታስቡት በነጻ አይደለም፣ መንግስት ያበደራት ነው። ከ2018 ወዲህ፣ በነሱ፣ ወለድ ቀርቷል እንጂ እዳው እዳ ነው፣ በየወሩ ትከፍላለች። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መንግስት በየወሩ ለወላጅ የሚሰጠው ገንዘብ አለ፣ እውነት ነው፣ ግን ትልቋ ዓመት ሳትቆይ አስራ ስምንት ሞላትና የሷ ተቋረጠ። ለሁለት ልጅ የክረምት ልብስ ገዛች፣ ሁለት አልጋ ገዛች፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሁለት ክፍል ቤት ገባች። እዚህ ደግሞ ልጆቹ ከሄዱ ሳምንት ሳይሞላ ምን ተባለ? "እንግዲህ አሁን ለልጆቹ የምትልከው ስለቀረ ለኛ ይሁን።"

ወላሂ እንዲህ ነው የተባለው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላማ ባሰ። ዶላሩ ሲወጣ እህቴም አብራ የበለጸገች መሰላቸው። መቶ ዶላር ብትልኪ እኮ እዚህ ብዙ ነው ይላሉ። እዚህ ብዙ ይሁን፣ እዛ ግን ያው መቶ ዶላር ነው፣ የልጅ ጫማ ነው። ሰርግ ሲኖር ላኪ፣ ሰደቃ ሲኖር ላኪ፣ ወንድማችን ደግሞ ባጃጅ ግዢልኝ ብሏል፣ እሺ ስላላለችው ዒድ ላይ አልደወለላትም። እሷ ደግሞ እምቢ ማለት አትችልም። ልጆቼን አሳድገውልኛል ትላለች። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ እኔ አልጠየቅኳትም፣ ባጃጅ የሚፈልገው አንድ ቀን ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ አያውቅም። ይህን ገንዘብ ለመሙላት ቅዳሜና እሁድ ሌላ ስራ ያዘች። ቅዳሜና እሁድ ማለት ልጆቿን የምታይበት ብቸኛ ቀን ማለት ነው። እንግዲህ ጥሎ መሄድ ካላችሁ፣ ይሄ ነው እንድትጥላቸው የሚያደርጋት፣ የምናስጥላትም እኛ ነን።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ከወለጋ ተፈናቅለው ሐይቅና ጃራ መጠለያ ሲኖሩ ያየኋቸው እናቶች አሉ፣ ድንበር አልተሻገሩም፣ ግን ድንኳን ውስጥ ቤት ለማቆም የሚያደርጉት ያው ነው፣ ጥግ ላይ ረከቦት አስቀምጠው ልጆቹን ሰብስበው ጀባ ይላሉ፣ ይሄ ነው ቤታችን ለማለት። እነሱን ጥለው መጡ የሚል ሰው አልሰማሁም። ውጭ አገር ያለችው ስትሆን ለምን አፋችን እንደሚከፈት አይገባኝም። ዶላሩ ይመስለኛል።

ለቀበሌዎችና ለወሳኝ ኩነት ሰራተኞች አንድ ነገር ልለምን። እባካችሁ የእንግሊዝኛውን ዓመት ስትጽፉ ቀይሩት፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዛ በኋላ ስምንት ደምሩ፣ ዋናውን ቀን ደግሞ መቀየሪያ በየስልኩ አለ። ወላጆችም ወረቀቱን ስትቀበሉ እዛው መስኮቱ ላይ አንብቡት፣ ከኋላችሁ ያለው ሰልፈኛ ቢያጉረመርምም። የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ በእንግሊዝኛው ፊደል በፊደል ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ተሳስቶ የወጣ እንደሆነ ለማረም የሚፈጀውን እኛ አይተናል።

ልጆቹ አሁን እንዴት ናቸው ካላችሁ፣ ደህና ናቸው። ልጅቷ ከትምህርት በኋላ ትንሽ ስራ ጀምራለች፣ ከእናቷ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ ግን አንድ መኝታ ቤት ነው የሚተኙት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወሩ ያድራሉ አለኝ ወንድሟ፣ እንቅልፍ ነሱኝ ብሎ ሊከስ ደውሎ። እሱ ደግሞ እናቱን አሁን ማሚ ማለት ጀምሯል፣ ከዛው ከጓደኞቹ ሰምቶ። እናታችን አልወደዱትም፣ "ማሚ ምንድነው፣ የፈረንጅ" አሉ። እህቴ ግን ማሚም ቢሆን ይሁን ብላለች።

ደብዳቤውን ለጻፉት ሰው፣ ደሴ ከመጡ ቤታችን ክፍት ነው፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ያንን 1999 ሁለቴ የተጻፈበትን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ፣ አሳያቸዋለሁ። ለወንድማችን ደግሞ፣ ይህን ጋዜጣ ማንበብህን አውቃለሁ፣ ባጃጁን እዚሁ ሰርተህ ግዛ።

ስሜ ይቆይልኝ፣
ከደሴ